ከደረጃው የተመለሰችው ሴት

ኮሮና በገባበት ዓመት በሐምሌ፣ የላስ ቬጋስ ፀሐይ የመኪና በር አላስነካ ባለችበት ሰሞን፣ እኔ ቤት ውስጥ ጋቢ ደርቤ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነበር። ይህን በስልክ ስነግራቸው ድሬዳዋ የቀሩት ዘመዶቼ የማሾፍባቸው ይመስላቸዋል። እውነቴን ነው፤ እዚህ አገር ደጁ እሳት፣ ቤቱ ቁር ነው። ልጄ ዳንኤል ከካዚኖ ሺፍቱ ተቃጥሎ ሲመለስ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል፣ እኔም ቆላ ተወልጄ እንደ ደጋ ሰው ተጀቡኜ እውላለሁ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የልጄ ልጅ ሊያ ኮምፒውተሯን ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝታ «አባባ፣ እርስዎ ና፣ ከኔ ጋር እይ፣ ለክላስ ነው፣ ብቻዬን ቦር ያደርገኛል» አለችኝ። ሊያ እዚሁ የተወለደች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ነው የምትማረው፤ ያን ዓመት ትምህርቱ ሁሉ በኮምፒውተር ስለሆነ ክፍሏ ከመኝታ ቤቷ አይወጣም ነበር። «እርስዎ» ብላ ትጀምርና ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ «አንተ» እሆናለሁ። አባቷ ይቆጣታል፣ እኔ ግን ሁለቱንም በደስታ እቀበላለሁ፤ በዚህ ዕድሜ «ና» የሚል ሰው መገኘቱም ቀላል ነገር አይደለም።

ፊልሙ የእንግሊዞች ነው። የለንደን ፊልም ስትለኝ ንግሥቲቱንና ቀዩን አውቶብስ አያለሁ ብዬ ተደላድዬ ተቀመጥኩ፤ ከጠበቅሁት ውስጥ የመጣው ዝናቡ ብቻ ነው። የቀረው በመሀል ከተማ ያለ የድሆች ሰፈር፣ እንደ ሣጥን የተደራረበ ሕንፃ፣ በየጥጉ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ያወረደ ጎረምሳ ነው። ቡድን ለይተው የሚጣሉ፣ ዕፅ የሚሸጡ፣ አንዱ የሌላውን ሰፈር ከረገጠ የማይማማሩ ልጆች ታሪክ ነው። «በጣም ሎው በጀት ነው አባባ፣ ብር የላቸውም፣ ልጆቹ ራሱ አክተር አይደሉም፣ እዚያው ሰፈር ያገኟቸው ናቸው» አለችኝ። እሱንስ ሳትነግረኝም ገብቶኝ ነበር፤ ያ አንዱ ደረጃ እየተመላለሰ ይመጣል፣ መብራቱ ይደነግዛል፣ ነፋሱ ከሰዎቹ በላይ ያወራል፣ ካሜራ የያዘውም ሰውዬ ከውሻ እየሸሸ የሚቀርጽ ይመስላል። የልጆቹ እንግሊዝኛ አልገባ ብሎኝ ሳፍር፣ በእንግሊዝኛ አፏን የፈታችው ሊያ ራሷ ከታች ጽሑፍ አብርታ ስትከታተል አየኋትና ተጽናናሁ።

ወደ ማብቂያው ላይ ሁለት ልጆች፣ ፊልሙ ሲጀምር በአንድ ብስክሌት ተፈናጥጠው ያየናቸው ሁለት ልጆች፣ ያ ደረጃ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። አንደኛው ሰማያዊ ጃኬት ለብሷል፤ ሌላኛው ቢላ ከጭኑ ጎን አስጠግቶ ይዟል። ጓደኞቻቸው ከላይና ከታች ቆመው ያያሉ። ተሰዳደቡ፣ ተጠጋጉ፤ እኔም ሳላውቀው የሶፋው ጫፍ ላይ ደረስኩ።

«ያዟቸው እንጂ!» አልኩ። ማንም አልያዛቸውም። «እናንተ ልጆች፣ ምን ትገተራላችሁ? ያዟቸው!» ሊያ ከት ብላ ሳቀች።

ይኼኔ አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ በሁለት እጇ ፌስታል አንጠልጥላ፣ የባሮ ሽንኩርቱ ጫፍ ከፌስታሉ አፍ ወጥቶ፣ እያለከለከች ከታች ብቅ አለች። «ይኸው መጣች! እሰይ የኔ እናት!» ብዬ አጨበጨብኩ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ ብዬ ልቤ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ቢላውን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረችና፣ ፌስታሉ ግድግዳውን እየታከከ ሿ ሿ እያለ፣ የመጣችበትን ደረጃ ወረደች። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁት። ከዚያ ቢላ የያዘው ክንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው የታየው፤ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ልጅ፣ ደረጃ መውጣት እንደደከመው ሰው፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። እንደተቀመጠ ቀረ።

በቴሌቪዥን ስንት ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ ሲተኳኮሱ፣ ከፈረስ ሲወድቁ፣ ሕንፃ ሲናድባቸው። ሻዬን እየጠጣሁ ነው የማየው። ያን ቀን ግን የሴትየዋን ጀርባ ሳይ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋብኝ ያህል ደነገጥኩ። ገና ምኑን ደነገጥኩ! ሊያ ስልኳን እየነካካች ስለ ፊልሙ የተጻፈ ነገር ስታነብ ቆይታ ብድግ አለች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ፣ ይኼን ስማ! ሴትየዋ አክተር አይደለችም። እዚያ ነው የምትኖረው። ደረጃውን ለመዝጋት ብር ስላልነበራቸው ከሱቅ ስትመጣ ዝም ብላ ገባች። ሪል መሰላት። ዳይሬክተሩ ወደደውና ተወው። ኩል አይደል?»

«እውነት መሰላት?»

«የስ። ቢላውን አይታ።»

«እውነት መስሏት ነው የተመለሰችው?»

«ታዲያ ምን ታድርግ አባባ?» አለችኝ፤ ጥያቄዋ የምር ነበር። ገላጋይ በዚያ አገር የለም ወይ ብላት «ገላጋይ ምንድነው? ፖሊስ?» አለች። አይደለም አልኳት። «ሪፈሪ?» እሱም አይደለም። ገላጋይ ማለት በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ነው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አልኳት። «ሶ ሥራው አይደለም?» አለችና ግራ ገብቷት ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። እኔ ግን ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ልቤ ደቻቱ አሸዋ ላይ ሆኖ አመሸሁ።

ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ ውሃ የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። ድሬዳዋን ለሁለት ሰንጥቆ የሚያልፍ የአሸዋ መንገድ ነው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ድንገት ደራሽ ይዞ ይመጣል፣ የቀረውን ጊዜ የእኛ የልጆቹ ግዛት ነበር። ከባቡር ጣቢያው በኩል፣ ጥላ ባለው ሰፈር ያለነው የከዚራ ልጆች ነን፤ ከአሸዋው ማዶ ያሉት የመጋላ። እኛም በጊዜያችን ቡድን ነበርን፤ እኛም የምንጠብቀው ድንበርና የምንሰለፍለት አለቃ ነበረን። የእኛ አለቃ ታላቅ ወንድሜ ታምሩ፣ የእነሱ ሸንኮራ የሚሸጠው አብዲ ነበር። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት የተለያየሁ ቀጫጫ ብሆንም፣ ምላሴ ከቁመቴ ስለሚረዝም ስድቡን እንድከፍት የተመደብኩት እኔ ነኝ። ሸንኮራውን የሚጭንባትን የአብዲን አህያ ሰድቤ አልጠግብም ነበር፤ ምስኪን፣ ምንም ያልበደለችኝን።

ጠባችን ወግ ነበረው። መጀመሪያ እኔ እሰድባለሁ፤ ከማዶ ይመለስልኛል፤ ከዚያ ታምሩ ሸሚዙን አውልቆ ይወረውርና ወደ አብዲ ይራመዳል። ሳይደርስ ሁለት ጎረምሶች ብብቱ ሥር ገብተው ያንጠለጥሉታል። አብዲንም የራሱ ሰዎች እንዲሁ። የሰው ልጅ አንበሳ የሚሆነው ይኼኔ ነው። «ልቀቁኝ! ልቀቁኝ ብያለሁ! ዛሬ ደሙን ካልጠጣሁ!» ይላል ወንድሜ፣ በቤታችን የዶሮ ደም ሲያይ የሚሸሸው ሰውዬ። በያዙት ቁጥር ይጀግናል፣ በጀገነ ቁጥር ጠበቅ አድርገው ይይዙታል። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ከያዦቹ አንዱን እንዲህ ብሎ ሲቆጣው ሰምቻለሁ፤ «ምን ሆነህ ነው ዋሪያ፣ እንደዚያ ላላ አድርገህ የያዝከኝ? ደርሼበት ቢሆንስ?»

ከሁሉ በላይ ደግሞ እትዬ ዘነቡ ነበረች። ቤቷ አፋፉ ላይ ነው፤ በር ላይ ተቀምጣ ሙሸበክ ትጠብሳለች፣ ያን እንደ ክር የተጠማዘዘውን ጣፋጭ፤ የዘይቱና የስኳሩ ሽታ እስከ አሸዋው መሀል ይወርዳል። ሰውነቷ ከባድ፣ እግሯ የሚያብጥ፣ ቸኩላ የማታውቅ ሴት ናት። ጩኸት ስትሰማ ድስቱን ከእሳት ታወርዳለች፣ እጇን ትጠርጋለች፣ ከዚያ አፋፉን በጎኗ በጎኗ እያለች ትወርዳለች። እስክትደርስ እኛ ስድቡን እናራዝማለን፤ እኔ ከአህያዋ አልፌ ወደ አህያዋ አያቶች የምገባበት ጊዜ ነበር። ስትደርስ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ በሁለቱ መሀል አሸዋው ላይ ትዘረጋዋለች። «በሕግ አምላክ!» ትላለች። የእናት ነጠላ የሚሻገር እግር በሁለቱም ማዶ አልተፈጠረም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም እዚያው ይገተራል። ከዚያ በዘይታም እጇ ሁለቱንም አለቆች አንዳንድ ጥፊ፣ ለሁላችንም ቁራሽ ሙሸበክ። ለዚህ ነው ጠባችን ሁልጊዜ ከእሷ ቤት ሥር የነበረው። ድስቷን ያልጣደች ቀን እኛም ሰላም ነን።

አንድ ቀን ግን ሁለቱም ማዶ የሚወዷቸው የባቡር ሠራተኛ ሽማግሌ ሞቱና ከተማው ለቀብር ወጣ። የእትዬ ዘነቡ በር ተዘጋ፣ ታምሩን የሚይዙት ጎረምሶች አስከሬን ሊሸከሙ ሄዱ፣ እኛ ኳስ ይዘን ወደ አሸዋው ወረድን። ኳሷ ግብ ባደረግናቸው ድንጋዮች መሀል ገባች፣ አልገባችም፣ ተባባልን። እኔ እንደ ልማዴ አህያዋን ጀመርኩ። ታምሩ ሸሚዙን ወረወረ፣ ድንጋይ አነሣ። አብዲ ከገበያ በቀጥታ ስለመጣ የሸንኮራ ቢላው እጁ ላይ ነበር።

«ልቀቁኝ!» አለ ታምሩ።

የያዘው ሰው አልነበረም።

«ልቀቁኝ!» አለ አብዲም፣ ከማዶ፣ ብቻውን ቆሞ።

ዛሬ ሳወራው ያስቃል፣ ያን ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም። ሁለቱም ግራና ቀኝ አዩ። የወንድሜን ፊት አየሁት፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች» የሚል ፊት ነበር። ያን ፊት ድጋሚ ያየሁት ከስንት ዘመን በኋላ፣ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ልጅ ላይ ነው። ያን ሁሉ ዝተው በሰው ፊት መመለስ አይሆንላቸው፤ አንዱ ተራመደ፣ ሌላውም ተራመደ። እኛ ተሳዳቢዎች ነን፣ ኳስ ተጫዋቾች ነን፣ መገላገል የትልልቆች ሥራ ነው፤ እጃችን እንዴት እንደሚዘረጋ አናውቅም። ያ ረጅም ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ።

እትዬ ዘነቡን ያመጣት ጫማዋ ነው። ለቀብሩ ያደረገችው ጫማ ያበጠ እግሯን ቆርጦባት፣ ከመንገድ ተመልሳ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ አፋፉ ላይ ደረሰች። ቢላውን አየች። ወርዳ እንደማትደርስ አወቀች መሰል፣ ነጠላዋን ጠቅልላ ከላይ ወረወረችው። የድሬ ትኩስ ነፋስ ተቀበለውና፣ መሀላቸው በመውደቅ ፈንታ አብዲ ራስ ላይ ጣለው። አብዲ ጋኔን የሰፈረበት መሰለው፣ ከነጠላው ሥር እየጮኸ ሲወራጭ ቢላው ጨርቁን ቀዶ ብቅ አለ፣ ታምሩም በድንጋጤ ድንጋዩን የራሱ እግር ላይ ለቀቀው። እትዬ ዘነቡ «በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ!» እያለች በመቀመጫዋ አፋፉን ተንሸራታ መጣች፣ መነሣት ስላቃታት አሸዋው ላይ እንደተቀመጠች የአንዱን ቁርጭምጭሚት በቀኝ፣ የሌላውን በግራ እጇ ጨመደደች። ሰው ከቀብር እስኪመለስ አልለቀቀቻቸውም። መሀላቸው ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ እነሱም ከላይዋ ቆመው፣ እነዚያ ሁለት አንበሶች፣ ያለቅሳሉ።

ነጠላውን የሰፋችው የአብዲ እናት ናት፤ ቤቷ ነጭ ክር ስለጠፋ በቀይ ሰፋችው። እትዬ ዘነቡ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ያንኑ፣ ቀዩ ስፌት እንዲታይ አድርጋ ትለብሰው ነበር። ታምሩና አብዲ ኋላ ባቡር ጣቢያው አብረው ጭነት አወረዱ፣ የልጆቻቸውን ሠርግ አብረው በሉ፤ ታምሩ ሲያርፍ አልጋውን ከተሸከሙት አንዱ አብዲ ነበር። አሁን እሱም የለም። ቀዩ ስፌት የት እንደገባ የማውቀው ነገር የለም።

ፊልሙን ካየን ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ፀሐይዋ ልትዘቀዝቅ ስትል፣ ከበታችን ፓርኪንጉ ላይ ጩኸት ሰማሁ። የምንኖረው ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው በውጭ በኩል ነው የሚወርደው። ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ የሌላውን ቦታ ይዞ ፓርክ አድርጎ ኖሮ፣ መኪናቸውን እንደከፈቱ ይሰዳደባሉ። አንዱ የጎማ መፍቻ ብረት አወጣ። ቀና ብዬ ሳይ በየመስኮቱ መጋረጃው ተገልጦ በየመጋረጃው ሥር ስልክ ተደቅኗል። እኔ ከነጋቢዬ፣ ከነነጠላ ጫማዬ በሩን ከፈትኩ።

«አባባ፣ ኖ! ሽጉጥ ሊኖረው ይችላል! ኮሮናም አለ!» ሊያ ሮጣ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ልቀቂኝ!» አልኳት።

ለቀቀችኝ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? «ኦኬ፣ አይም ሶሪ» አለችና እጇን አነሣች። እዚህ የተማሩት ይህንን ነው፣ ሰው አትንኩኝ ካለ አይነካም፤ መልካም ትምህርት ነው፣ አልነቅፈውም። ግን ያ ያልተያዘ ክንዴ እንዴት ቀለለኝ! እጀታው ላይ እጄን እንዳደረግሁ፣ ልክ እንደ ታምሩ፣ ግራና ቀኝ አየሁ። ሳልወድ ወጣሁ። ከደረጃው እኩሌታ ላይ ቆምኩ። ብረቱን አየሁት፤ ከላይ በሩ ገና ክፍት ነው፣ ሶፋው ይታየኛል። ያቺ ባሮ ሽንኩርት የያዘች ሴት የገባችኝ ይኼኔ ነው፤ ለካ እግር ዝም ብሎ ራሱ ይዞራል።

ሊዞር ሲል የሸሚዜ ጀርባ ተጨመደደ። ሊያ ናት፣ በባዶ እግሯ፣ ማስክም ሳታደርግ፣ በሁለት እጇ። የተያዘ ሰው ጀግና ነውና፣ ጋቢዬን ገፍፌ «በሕግ አምላክ!» ብዬ ወረወርኩት። ጋቢ እንደ ነጠላ አይበርም፤ ድብ ብሎ ብረት የያዘው ልጅ እግር ሥር ወደቀ።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። ብረት የያዘው ልጅ ጋቢውን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ብረቱን አስፋልቱ ላይ አስቀምጦ ጎንበስ አለ፣ ጋቢውን አነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ አጣጥፎ የደረጃው መደገፊያ ላይ ሰቀለልኝ። «ሰር፣ ይኼ ወደቀብዎት» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ በትሕትና። ሌላኛው በዚህ መሀል መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። መጋረጃዎቹም ተመለሱ።

ብረት የያዘውም ልጅ በሰላም ወደ ቤቱ ገባ፤ ተመስገን። መገላገሌን ግን ማንም አላየውም፤ ያዩት ልብሱ የወደቀበት አንድ ሽማግሌ ነው። እኛ ያደግነው ቁጣችንን እስከ ጥግ ስንቆጣ፣ ከኋላችን የሚያንጠለጥለን ክንድ እንዳለ አምነን ነው። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ልጅም እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ያን ክንድ ሲጠብቅ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ፊልም ነው ይሉኛል፣ ሴትየዋ ግን ፊልም አልነበረችም። እሷንም ቢሆን ከኋላዋ ሸሚዟን የሚይዝላት ቢኖር፣ ማን ያውቃል፣ ፌስታሏን አስቀምጣ ትወጣ ነበር።

ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ቤት ልዞር ስል ሊያ አሁንም ሸሚዜን እንደያዘች ናት።

«አባባ፣ ልልቀቅህ?» አለችኝ።

እግሬን ወደ ላይኛው ደረጃ አነሣሁ። እሷም አልለቀቀችኝም፤ ደረጃውን እንደተያዝኩ ወጣሁ።